ውሃው ገዚራ፣ ዝናቡ ገዳሪፍ

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች አንድ ዘዴ አላቸው። የሚጠጡትን ውሃ በጀሪካን ይሞላሉ። ጀሪካኑን በጆንያ ይጠቀልሉታል። ጆንያውን ውሃ አርከፍክፈው በደንብ ያርሱትና ከመኪናው ጎን ያንጠለጥሉታል። ውጭው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጉሮሮ ያርሳል። ፍሪጅ የለ፣ በረዶ የለ። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ምስጢሩ ያ ነው። የእናቶቻችን እንስራም ውሃ የሚያቀዘቅዘው እንዲሁ እያላበው ነው።

እስቲ ያንን ጆንያ ሺህ ሄክታር አድርጋችሁ መሬት ላይ አንጥፉት። መስኖ ማለት ይኼው ነው።

ስለ መስኖ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ሁለት ነው። አንዱ ምርቱ፣ ሌላው ከወንዙ የሚጠለፈው ውሃ። ስንት ኩንታል፣ ስንት ሜትር ኩብ። ውሃው ማሳው ላይ ከፈሰሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። “ሰብሉ ጠጣው” ተብሎ ይታለፋል። ሰብል ግን ውሃ አያጠራቅምም። በሥሩ የሳበውን ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በቅጠሉ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። አየር ላይ የወጣ ውሃ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ያቀዘቅዛል፣ ያወብቃል፣ ነፋስ ያዞራል፣ አንዳንዴም ዝናብ ይሆናል። የሚዘንበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ባጠጣው ሰው ማሳ ላይ አይደለም።

ከሒሳቡ እንጀምር። በደንብ የጠጣ ማሳ ሞቅ ባለ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ትንሽ ትመስላለች። በአንድ ሄክታር ግን 50 ሺህ ሊትር ነው። ያን ሁሉ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 34 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ይጠይቃል። በጓዳችን ቋንቋ ልንገራችሁ፦ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቢጋገርበት የሚፈጀውን ያህል ነው። ይኼ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሄክታር ብቻ። ሒሳቡን የምትከፍለው ፀሐይ ናት። በቀን ከምትሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ እንፋሎት ማውጣት ላይ ያልቃል። እዚያ ላይ ያለቀው ጉልበት አፈሩንና አየሩን ማጋል አይችልም።

መተሐራ ላይ ይህን በእግር መለካት ይቻላል። አንድ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ አገዳው ሄጃለሁ። መጀመሪያ የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል፣ የጫማ ሶል ይቀልጣል ያሰኛል። ከዚያ ቦዩ ይመጣል። ቦዩን ተሻግሬ አገዳው መካከል ጥቂት እንደገባሁ ፊቴ ላይ ያለው አየር ተለወጠ። አንድ ሰው በር የከፈተልኝ ነው የመሰለኝ። “እፎይ” አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ቴርሞሜትር ብይዝ ኖሮ ሙቀቱ መቀነሱን ይነግረኝ ነበር። ገላዬ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚነግረኝ።

አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል ማስቀመጡ ደስ ይለኛል። ሐሩር አለ፣ ወበቅ አለ። ሐሩር ደረቅ ነው፤ ጥላ ካገኘህ ታመልጠዋለህ። ወበቅ ግን ጥላ ሥርም ተከትሎህ ይገባል። መስኖ ሐሩሩን ወስዶ ወበቁን ይተውልሃል።

ይህ የእኔ ሸሚዝ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ መስኖ ባይስፋፋ ኖሮ የሙቀት ማዕበሎች ከዚህ የባሱ ይሆኑ እንደነበር አሳይቷል። በዚህ ሳያውቀው የሚጠቀመው ሰው ወደ 1 ቢሊዮን ይጠጋል፤ ብዙው ደቡብ እስያ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ሕንድ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ የሳንቲሙን ሌላ ገጽ ገለጠ። በመስኖው ምክንያት የቴርሞሜትሩ ቁጥር ወርዷል፤ ሙቀትና እርጥበት ተደምረው ገላ ላይ የሚያሳድሩት ጫና ግን ጨምሯል። በ2018 በሰሜን ቻይና ሜዳ ላይ የተሠራውም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል። ሜዳው በመስኖ የተሸፈነና ሰው የሚርመሰመስበት ነው። ወደፊት ደጅ የሚሠራ ገበሬን ሊገድል የሚችል ወበቅ ከሚያሰጋቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው፣ መስኖውም ነገሩን ያባብሰዋል ተባለ። ከዚህ የቻይና ጥናት ጸሐፊዎች አንዱ ትውልደ ሱዳን ነው። ኤልፋቲህ ኤልታሂር ይባላል፣ አሜሪካ በሚገኘው ኤም አይ ቲ ያስተምራል። ስሙን ያዙልኝ፣ አሁን ወደ እሱ አገር እንሻገራለን።

ገዚራ በነጭ አባይና በእኛው አባይ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዋልካ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ይለጠልጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እንግሊዞች በ1925 ሰናር ላይ ግድብ ሠርተው ጨረሱና ለፋብሪካዎቻቸው ጥጥ ያመርቱበት ጀመር። ሜዳው ወደ ሰሜን በትንሹ ስለሚያዘቅዝ ውሃው ያለ ፓምፕ በቦይ ይወርዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማናጊል የሚባለው ማስፋፊያ ተጨመረበትና እጥፍ ሆነ። ዛሬ ወደ 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ፌዳን ነው፣ በሄክታር ወደ 900 ሺህ። ለማነጻጸር ያህል፣ ጎጃም ያለው የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ገዚራ ውስጥ ከመቶ በላይ ቆጋዎች ይገባሉ ማለት ነው።

ኤልታሂርና ሁለት ባልደረቦቹ በ2015 የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር። በረሃ አፋፍ ላይ ይህን የሚያህል ርጥብ ጆንያ ሲነጠፍ ሰማዩ ምን ይሆናል? መጀመሪያ በኮምፒውተር ሞዴል አሰሉት። ከዚያ መስኖው ከመስፋፋቱ በፊትና በኋላ የተመዘገበውን ዝናብ፣ ሙቀትና የወንዝ ፍሰት አስተያዩ። ሁለቱ ተስማሙ።

ውጤቱ መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ገዚራ ላይ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ይኼ ይጠበቃል። ሞዴሉ እንደሚለው ግን ዝናቡ ገዚራ ላይ ይቀንሳል። የሚጨምረው ዙሪያውን፣ በተለይ በስተ ምሥራቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዝናብ ለመዝነብ እርጥበት ብቻውን አይበቃውም። አየሩ ወደ ላይ መነሣት አለበት። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ለምን እንደሚቆለል አስቡት፤ ጠዋት የጋለ መሬት አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። መስኖ የጠጣ ማሳ ግን አይግልም። በላዩ ያለው አየር ቀዝቃዛና ከባድ ነው፣ ወደ ታች ይጫናል። ስለዚህ እርጥበት ሞልቶት ሳለ ዝናቡን ራሱ ላይ ያፍነዋል። የተጫነው አየር ደግሞ እዚያው አይቀመጥም፣ ወደ ጎን ይፈስሳል። በክረምት እዚያ አገር የሚነፍሰው ዋናው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ዝናብ አምጪ ነፋስ ነው። ከገዚራ የተገፋው አየር ከዚህ ነፋስ ጋር በስተ ምሥራቅ በኩል ይጋጠማል። ሁለት አየር ሲጋጠም መሄጃው ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲሄድ ይዘንባል።

ከገዚራ በስተ ምሥራቅ ማን አለ? ገዳሪፍ አለ። ሰሊጥና ማሽላ በዝናብ ብቻ የሚመረትበት ሰፊ አገር ነው፤ ከመተማ ተሻግረው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ ልጆቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ርዕሴ ላይ ገዳሪፍ ያልኩት አቅጣጫው እንዲታያችሁ ነው እንጂ እያንዳንዱ ጠብታ እዚያ ይወድቃል ለማለት አይደለም። የዘንድሮ ደመና ከየትኛው ቦይ እንደተነሣ ማንም ለይቶ አያውቅም። ግን አስቡት። ከጣና በስተ ደቡብ ተራሮቹ ላይ የዘነበ ዝናብ አባይን ይዞ ሰናር ይደርሳል። ቦይ ይገባል፣ የጥጥ ቅጠል ላይ ይወጣል፣ ከፊሉም ተመልሶ ወደ እኛ ድንበር አቅጣጫ ይዘንባል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ወረቀት ትዝ ይለኛል። በ1959 ግብጽና ሱዳን የአባይን ውሃ ሲከፋፈሉ ለግብጽ 55 ነጥብ 5፣ ለሱዳን 18 ነጥብ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ጻፉ። ኢትዮጵያ አልተጠራችም፣ ያ የታወቀ ነው። የቀረውን 10 ቢሊዮን አስዋን ላይ በትነት የሚጠፋ ብለው መዘገቡት። “የሚጠፋ”! ለሒሳብ ሠራተኛ ትክክል ነው፣ ከወንዙ ወጥቷላ። ለሰማይ ግን የጠፋ ነገር የለም። ደረቅ አየር ውስጥ ገብቶ ሩቅ አገር ይሄድ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ላይ ይወርድ ይሆናል። እስካሁን በሜትር ኩብ የምንጨቃጨቀው መሬት ለመሬት ስለሚሄደው ውሃ ብቻ ነው።

ገዚራ ብቻውን የወጣ ጉድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦጋላላ ከሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ለመስኖ በገፍ መሳብ ከተጀመረ ወዲህ፣ ነፋሱ በሚሄድበት በስተ ምሥራቅ በኩል እስከ ኢንዲያና ድረስ የሐምሌ ዝናብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ጨምሯል የሚል ጥናት በ2010 ወጥቷል። ካሊፎርኒያ ላይም እንዲሁ፤ የሸለቆው መስኖ ተራሮቹን ተሻግሮ የኮሎራዶን ወንዝ ይመግባል የሚል አለ።

እኛን በቀጥታ የሚነካው ግን የሕንዱ ይመስለኛል። በ2016 የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በሞዴላቸው የእስያን መስኖ አጥፍተው ዓለምን እንደገና አስኬዱት። በአንዳንድ ደረቅ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ከሚዘንበው ዝናብ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከእስያ መስኖ ጋር ሊያያዝ ይችላል አሉ። ፑንጃብ ላይ ስንዴ የሚያጠጣ ገበሬና ኦጋዴን ላይ ዝናብ የሚጠብቅ አርብቶ አደር በአንድ ገመድ ታሰሩ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ቲክቶክ ላይ ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ “እስከ” የምትለዋ ቃል ክብደት አላት፤ ሞዴሉ ማሳዎቹ ምን ያህል ውሃ ያተንናሉ ብሎ እንደገመተ ውጤቱ ይለዋወጣል። ሁለተኛ፣ የጥቂት ነገር 40 በመቶ ጥቂት ነው። ቢሆንም ለግመልና ለፍየል ያቺ ጥቂት የምትባለዋ ናት ሣር የምታበቅለው።

መንገዱ ራሱ እንግዳ አይደለም። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሕንድ ወደ እኛ ወገን የሚነፍስ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ አለ። የጉጅራት ነጋዴዎች መርከባቸውን ለዘመናት ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ያመጡት በእሱ ነው። ጨርቅ ያመጣ ነፋስ እንፋሎት ቢያመጣ አይገርምም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ያ መስኖ የሚጠጣው በአብዛኛው ከመሬት ሥር ነው፣ እሱም እያለቀ ነው። ሳተላይቶች በለኩት መሠረት ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ብቻ 109 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የከርሰ ምድር ውሃ አጥታለች። የሕዳሴ ግድብ ሙሉ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ነው፤ በዚያ መዝኑት። ጉድጓዱ ሲደርቅ መስኖው ይቀንሳል። መስኖው ሲቀንስ እስካሁን ሸፍኖት የነበረው ሙቀት ብቅ ይላል፣ ነፋሱም ባዶ እጁን ይመጣል።

ታዲያ የኛ የበጋ መስኖ ስንዴስ? ጥያቄው በየስብሰባው ይነሣል፣ ፌስቡክ ላይም “አረንጓዴ ስላለበስነው ዝናቡ መጣ” የሚል ይለጠፋል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን አልቀበልም። ምክንያቴ ስሙ ላይ አለ፦ በጋ። የገዚራ ነገር የሚታየው በሐምሌ ነው። በሐምሌ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ይጠብቃል፣ ትንሽ ገፋ የሚያደርገው ነው የሚፈልገው። ታኅሣሥ ላይ የቆላው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፣ ከላይ የሚወርደው አየር ደረቅ ነው። ያኔ ከማሳው የሚነሣ እንፋሎት የሚገፋው ደመና የለም። ሜዳውን ትንሽ ያበርዳል፣ ከዚያ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በልግ በሚዘንብበት ቆላ፣ ማሳው ገና እየጠጣ ከሆነ ነገሩ ሊለይ ይችላል። ያን ማስላት ተገቢ ነው።

ስፋቱም አለ። የአንድ ቀበሌ ማሳ በዙሪያው ያለውን ደረቅ አየር አያሸንፍም። በየቦታው የተበጣጠሰ 20 ሄክታርና 50 ሄክታር እንደ ገዚራ የነፋስ ዝውውር አይፈጥርም። እንዲህ ያለ ነገር ቢታሰብ የሚታሰበው አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከወንጂ እስከ ተንዳሆ አገዳው፣ ጥጡና ስንዴው አንድ ላይ ሲደመሩ። እዚያም ቢሆን እኔ ከዝናቡ ቀድሜ የማስበው ወበቁን ነው። በወበቅ ውስጥ አገዳ የሚቆርጥ ሠራተኛ የሚከፈለው በቆረጠው ልክ ከሆነ አያርፍም። ቴርሞሜትሩ “ዛሬ ደህና ነው” ሲል ላቡ ካልደረቀ ሰውየው አደጋ ላይ ነው። እርሻ ጣቢያዎች ሙቀት ይመዘግባሉ። ከአጠገቡ በርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ብታስቀምጡ ወበቁን ይነግራችኋል። ሹፌሮቹ ጆንያ ላይ ያደረጉት ነገር ነው፣ ብዙ ወጪ የለውም።

ገዚራ በቅርብ ዓመታት የተለየ ነገር አይታለች። የሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2023 የገዚራ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወድ መደኒ ደረሰ። ከተማዋ ከአንድ ዓመት በላይ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ቆይታ በጥር 2025 ሠራዊቱ መልሶ ያዛት። በዚያ መሀል ገበሬው ተፈናቀለ፣ ብዙ ማሳ ሳይዘራ ቀረ፣ ቦዮች ሳይጠረጉ ደለል ዋጣቸው። ማንም ሳይንቲስት ሊሠራው የማይደፍረው ሙከራ ነው፦ ከመቶ ዓመት በኋላ ጆንያውን ማድረቅ። የኤልታሂር ስሌት ትክክል ከሆነ በነዚያ ክረምቶች ገዚራ ላይ ሙቀቱ መጨመር፣ በስተ ምሥራቅ ያለው የሐምሌ ዝናብ መሳሳት ነበረበት። ሳተላይቶቹ ከላይ ሆነው መዝግበውታል፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስላት ነው የሚጠበቅበት። ቀላል አይሆንም፤ የሁለት ክረምት ዝናብ በኤልኒኞም በሌላም ይዛባል።

በጳጉሜን 2025 ደግሞ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከላይ የሚመጣው ውሃ ከእንግዲህ በክረምት ጎርፍ በበጋ ጠብታ መሆኑ ይቀርና ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ይሆናል። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ቦዮቹ ከተጠረጉ ሱዳን ከበፊቱ በተሻለ አስተማማኝነት ልታጠጣ ትችላለች። በሐምሌ ስንት ፌዳን ውሃ ይለቀቅለት የሚለው የሚወሰነው ባረካት ላይ ነው፣ ከወድ መደኒ አጠገብ፣ የገዚራ መስኖ አስተዳደር መቀመጫ እዚያ ስለሆነ። ስብሰባው ላይ የጥጥና የስንዴ ሰዎች ይቀመጣሉ። የገዳሪፍ ሰሊጥ አምራች አይጠራም፣ የመተማውም እንዲሁ። ቢጠሩስ ምን ብለው ይጠይቃሉ? “እባካችሁ ሐምሌ ላይ በደንብ አጠጡ” ይላሉ?